የፔስሜከር ሽቦ ምርመራ፣ ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ የልብ ክሊኒክ

እናቴ የልብ ምት ማስተካከያ፣ በተለምዶ ፔስሜከር የምንለው መሣሪያ፣ ከተተከለላቸው ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ነጠላቸውን ለማስጣት ግራ እጃቸውን ወደ ገመዱ ባነሡ ቁጥር ዓይናቸው ይጨልምባቸው ጀመር። ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ የወሰድናቸው ቦታ «ባትሪው ገና ነው» ብሎ ስለመለሰን ስታዲየም አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የግል የልብ ክሊኒክ ሄድን።

ሐኪሙ የፕሮግራመሩን፣ ማለትም ፔስሜከርን ከሰውነት ውጭ ሆኖ የሚያነበውን ኮምፒውተር፣ ማንበቢያ ደረታቸው ላይ አድርገው ባትሪውን ቶሎ አለፉትና ከመሣሪያው ወደ ልብ የሚወርደውን ሽቦ መመርመር ያዙ። ጤነኛ ሽቦ የሚያሳየው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ አብዛኛውን ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ኦም ሲሆን የእናቴ ከ2500 በላይ ሆኖ ተገኘ። «እማማ፣ ልብስ እንደሚያሰጡ አድርገው እጅዎን ያንሡልኝ» ሲሏቸው ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ተንጨባረረ፤ መሣሪያው ያንን ሁከት የልባቸው የራሱ ምት መስሎት ሥራውን ለቅጽበት አቆመ፤ እናቴም የአልጋውን ጠርዝ ጨበጡ። ራጁ ሲታይ ሽቦው ከአንገት ሥር ባለው አጥንትና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መካከል ተቆንጥጦ ተሰብሯል፤ ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እዚያ ላይ ይታጠፋልና።

እናቴ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ሲባሉ ደነገጡ። ሐኪሙም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ስቶክሆልም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፔስሜከር የተተከለላቸው አርነ ላርሰን መሣሪያቸው በሰዓታት ውስጥ ቢበላሽም፣ ከ20 በላይ እየተቀያየረላቸው እስከ 2001 መኖራቸውን አጫወቷቸው። «ታዲያ እኔ ገና በሁለተኛው ነው የምፈራው?» ብለው ሳቁ።

ቅሬታዬ ከሐኪሙ ጋር አይደለም። ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩ ይቆማል፤ ልብ ሕመምተኛ በደረጃ እያረፈ ሲወጣ ማየት ያሳፍራል። ከዚህ የባሰው ግን የስልክ ቀጠሮው ነው፦ አንድ ፕሮግራመር የሚያነበው የራሱን አምራች መሣሪያ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ቀጠሮ የሚይዙት ሠራተኞች የማን ሥሪት እንደሆነ አይጠይቁም። ከደብረ ብርሃን በሌሊት ተነሥተው የመጡ አንድ አባት በዚህ ምክንያት ሳይታዩ ሲመለሱ ዓይኔ እያየ ነው። ስለዚህ የምትደውሉ ሁሉ፣ መሣሪያው ሲተከል የተሰጣችሁን ካርድ በእጃችሁ ይዛችሁ የአምራቹን ስም ሳትጠየቁ ንገሯቸው፤ ስትወጡም የሽቦውን ልኬት የያዘውን ወረቀት አትሙልን በሏቸው፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣሉ።