ለከስተሩ የጂፕ አስጎብኚ ምስጋናዬ ይድረስልኝ

ሰላም ወገኖች። ዴንቨርና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ ሰመር ላይ ከአገር ቤት እናት ወይም አባት የሚመጡላችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ። ሳውዝ ዳኮታ፣ ከስተር ስቴት ፓርክ ውስጥ ባይሰን የሚሉትን የአሜሪካ ጎሽ በጂፕ የሚያስጎበኙ ሰዎች አሉ። ሂዱ። እማዬን ወስጃት እስካሁን ሌላ ወሬ የላትም።

መጀመሪያ ግን የደረሰብንን ልናገር፤ ካልተነፈስኩት አይወጣልኝም። አምና እማዬ ስትመጣ ሌላ ቦታ፣ ሌላ አስጎብኚ ድርጅት ጋር ከፍለን ሄድን። ስሙ ይቅር። ጉልበቷን እንደሚያማት ቀድሜ በስልክ ተናግሬ ነበር። «ችግር የለም» ብለውኝ ሲያበቁ ጢም ብሎ በሞላ ሚኒባስ የኋላ ጥግ ላይ ወሸቋት። እንስሳ ተብሎ የታየው ከተራራ ሥር ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ሹፌሩ ትንሽ ቁም ሲባል ሰዓት የለኝም ይላል። ሽንት ቤት ስንጠይቀው እንኳ ፊቱን አጠቆረብን። ገንዘቤን መልሱ ብል «አይታችኋል እኮ» አሉኝ። ማየትስ አይተናል፣ የመስኮቱን እድፍ! እማዬ መንገዱን ሙሉ ዝም አለች። ቤት ስንገባ ብቻ «ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ ገንዘብሽን አታባክኚ» አለችኝ። አንጀቴን የበላችኝ ያኔ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ስደውል ሙሉ ልብ አልነበረኝም። ከኦሮራ ስድስት ሰዓት ያህል ነድተን ፓርኩ ያለበት ተራራማ አካባቢ፣ ብላክ ሂልስ ገባን። ጂፖቹ የሚነሱት ፓርኩ ውስጥ ካለው ስቴት ጌም ሎጅ ከሚባል የእንግዳ ማረፊያ ነው። ፕሬዚዳንት ኩሊጅ በ1927 እ.ኤ.አ. ሰመሩን ያሳለፉት እዚያ ነው አሉ። ደስ የሚል ቤት ነው፣ ግን ቤት ልናይ አልሄድንም።

አስጎብኚያችን ፀጉራቸው የሸበተ ትልቅ ሰው ናቸው። ገና ስንቀርብ እማዬን አዩ፣ ጂፑን አዩ፣ ምንም ሳይሉ ሄደው መርገጫ ዱካ ይዘው መጡ። ጂፑ ከፍ ያለ ነው፣ ጣሪያም የለው። ክንዳቸውን ሰጥተው አወጧትና ከፊት፣ ከጎናቸው አስቀመጧት። ብርድ ልብስም ጉልበቷ ላይ ጣል አደረጉላት። ማንም አልጠየቃቸውም እኮ! «እናትሽን ምን ብዬ ልጥራቸው?» አሉኝ። «እማማ» በሏት አልኳቸው። አፋቸው አልገራላቸውም መሰለኝ፣ ጠዋቱን ሙሉ «ማማ፣ ማማ» ሲሉ ዋሉ።

ከአስፋልቱ ወጥተን ሣሩ ውስጥ ገባን። አንድ ዳገት ላይ ማርሹን ምን እንዳደረጉት አላውቅም፣ መኪናው ቁና ቁና እየተነፈሰ ወጣው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ማርያም ማርያም እላለሁ። ስገልጥ መንጋው ፊት ለፊታችን ነው።

ጊዜው የጁላይ መጨረሻ ነበር፤ ኮርማዎቹ ላሞቹን የሚከተሉበት ወቅት። ሲያጓሩ ደረቴ ውስጥ ነው የሚሰማኝ። አንዱ መሬት ላይ ተንከባሎ ሲነሳ አቧራው እኛ ድረስ መጣ። ትልቁ ኮርማ እስከ 900 ኪሎ ይመዝናል፣ ሲሮጥ ደግሞ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ሲሉን ሳቅኩ። ያን ሁሉ ሥጋ ተሸክሞ!

ከዚያ አንዱ ከመንጋው ተለይቶ ቆመ። እኛን ነው የሚያየው። እማዬ ጎጃም ከብት ስትጠብቅ ያደገች ናት። «ጅራቱን እይው፣ ተቆጥቷል» አለችኝ በሹክሹክታ። እውነትም ጅራቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔ ሳልተረጉምላቸው የሰውየው እጅ ማርሹ ላይ ነው። አልጮኹም፣ አልተርበተበቱም። መኪናውን ቀስ አድርገው ወደኋላ ወሰዱት፣ ራቅ ሲሉ ሞተሩን አጠፉ። ኮርማው ትንሽ አየንና ጅራቱን አውርዶ ወደ ላሞቹ ተመለሰ። ያኔ እማዬ ያለችውን ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው «ማማ፣ እዚህ ሥራ ይፈልጋሉ?» አሏት። ስተረጉምላት ከት ብላ ሳቀች። እዚህ አገር እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ በኋላማ ወሬው የሁለቱ ሆነ፣ እኔ አስተርጓሚ ብቻ። ሣሩ ለዚህ ሁሉ ይበቃል ወይ ብላ ጠየቀች። በየዓመቱ በሴፕቴምበር መጨረሻ ፈረሰኞች ወደ 1,300 የሚጠጋውን መንጋ ነድተው በረት እንደሚያስገቡ፣ እንደሚከትቡ፣ ሣሩ የማይችለውንም በጨረታ እንደሚሸጡ ነገሯት። «እንግዲያው እረኛ አላቸው» አለች፣ ደስ ብሏት። ድሮ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠሩ የነበሩት ጎሾች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአደን አልቀው ከሺህ በታች ቀርተው እንደነበር፣ የዚህ ፓርክ መንጋም በ1914 እ.ኤ.አ. በተገዙ 36 ጎሾች እንደተጀመረ ሲነግሯት ግን ከንፈሯን መጠጠች። «አይ፣ ሰው ሲጠግብ» ብላ ዝም።

እኚህን ሰው እግዜር ይስጥልኝ። ጉልበታቸውን ቁርጥማት አይንካው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። እኔ ለእናቴ የተደረገ አልረሳም።

ሂዱ እባካችሁ። ሰመር ላይ ቶሎ ስለሚሞላ ቀድማችሁ ደውላችሁ ያዙ። የሚያመው ሰው ካለ ንገሯቸው፣ እነዚህኞቹ ይሰማሉ። ጃኬት ያዙ፣ ጠዋት ጣሪያ በሌለው መኪና ነፋሱ አይጣል ነው። የፓርኩ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል። ቲፕም አትሰስቱ። እኛ ለሴፕቴምበሩ የፈረሰኞች ቀን ልንመለስ ነው፣ እማዬ እሱን ሳላይ አገሬ አልገባም ብላለች። መኪናችን ውስጥ ቦታ አለ፤ አብሮን መሄድ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።