ብላስት፦ ድረ ገጹ ይሻላል ወይስ ላፕቶፕ ላይ መጫን?

ጅማ ላይ ከታመመ ቡና ፈንገስ ለይታችሁ ሲኩዌንሱ (የዲኤንኤ ፊደላቱ ቅደም ተከተል) በእጃችሁ ገብቷል እንበል። ብላስት ሲኩዌንሳችሁን ዳታቤዝ ውስጥ ካሉት ጋር የሚያነጻጽር ፕሮግራም ነው፤ በየት በኩል ትፈልጉበት?

ወጪ፦ ሁለቱም ነጻ ናቸው። የሚያስወጣው ኢንተርኔቱ ነው።

ድረ ገጹ፦ የኤንሲቢአይን (የአሜሪካ የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል) ገጽ መክፈት፣ ሲኩዌንሱን መለጠፍ፣ በቃ። ዳታቤዙም ሰፊና አዲስ ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግን ያበሳጫል።

ላፕቶፑ፦ ብላስት ፕላስን (ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ብላስት) አውርዶ መጫን ቀላል ነው፤ የሚከብደው ጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፉ ነው። በተለይ ዊንዶውስ ላይ የፎልደር ስማችሁ መሃል ክፍተት አይኑር፤ ሜክብላስትዲቢ (ዳታቤዝ የሚሠራው ትእዛዝ) ፋይሉን አላገኘሁም ብሎ ያደክማችኋል። ሙሉው የኑክሊዮታይድ ዳታቤዝ በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ነው፤ በሞባይል ዳታ ፈጽሞ አትሞክሩት። የምትፈልጓቸውን ዝርያዎች ፋስታ ፋይል (ሲኩዌንስ የሚቀመጥበት የጽሑፍ ፋይል) ብቻ አውርዳችሁ የራሳችሁን ዳታቤዝ ሥሩ። ከዚያ በኋላ መብራት ቢጠፋም ባትሪው እስካለ ይሠራል።

ይህን ግን አደራ፦ ኢ-ቫልዩ (እንዲህ ያለ መመሳሰል በአጋጣሚ ስንት ጊዜ ሊገኝ እንደሚችል የሚገምተው ቁጥር) በዳታቤዙ መጠን ይለዋወጣል። የድረ ገጹንና የላፕቶፑን ኢ-ቫልዩ ጎን ለጎን አታወዳድሩ።

ጥቂት ሲኩዌንስ ላለውና ዝርያው ምን እንደሆነ ጨርሶ ለማያውቅ ድረ ገጹ ይሻለዋል። በመቶዎች ለያዘ፣ ወይም ያልታተመ ዳታውን ወደ ውጭ መላክ ለማይፈልግ ደግሞ ላፕቶፑ።