ባለ 50 ሊትር ቦይለር ከ14 ወር በኋላ፤ ደብረ ማርቆስ

ቦይለሩ 1500 ዋት ነው። ታንከሩ እስካሁን አላንጠባጠበም፤ ማታ ሞቆ ብሬከሩ የጠፋበት ውሃ በሐምሌ ብርድ እንኳ ጠዋት ለመታጠብ ይበቃል። ድክመቱ አብራው የመጣችው፣ በቀዝቃዛ ውሃ መግቢያው ላይ ተገጥማ ትርፍ ግፊት የምታስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ ናት። በዘጠነኛው ወር ውሃውን የሚያሞቀውን ሬዚስታንስ ያቃጠለችው እሷ ናት።

ቫልቯ ውስጥ ውሃ እንዳይመለስ የሚዘጋ፣ ሞላ የሚገፋው ጎሚኒ አለ። ደቃቅ አሸዋ ከተቀረቀረበት ገጥሞ አይዘጋም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መስመሩ ባዶ ሆኖ ይውላል። «ውሃ መጥቶ ይሆን?» ብሎ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ የከፈተ ሰው አየር ያስገባል፤ የታንከሩ ውሃም በመጣበት ይወርዳል። ብሬከሩ በርቶ ከሆነ ሬዚስታንሱ በደረቁ ግሎ ይቃጠላል። ቫልቯን ሳይነኩ ሬዚስታንስ ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ሬዚስታንሱ መቃጠሉን ለመለየት ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ሽቦዎቹን ከሬዚስታንሱ ነቅሎ በቴስተር መለካት ነው። ጤነኛው 32 ኦም ገደማ ያሳያል፤ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ከአንዱ ጫፍ ወደ ብረቱ ካነበበ ግን የሬዚስታንሱ የብረት ቆዳ ተሰንጥቋል። ብሬከር የሚጥለው፣ ቧንቧ ሲነኩ የሚነዝረው ይኼ ነው፤ ኧርዝ ያልታሰረለት ቦይለር ፈጽሞ አይብራ።

ሲቀየር መግቢያው ይዘጋል፣ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ይከፈታል፣ የቫልቯ እጀታ ተነሥቶ ውሃው በጎማ ይፈሳል፤ ከዚያ ሬዚስታንሱ የተያዘበት ክዳን ብሎኖች ይፈታሉ። አዲሱ ሬዚስታንስ በዋትም በክዳን ቅርፅም አንድ ዓይነት ይሁን። በክዳኑና በታንከሩ መካከል ያለው ጎሚኒ፣ ጋስኬቱ፣ ደህና ቢመስልም ይቀየር፤ አንዴ የተጨፈለቀ ጎሚኒ ዳግመኛ አይገጥምም። ብሎኖቹ ተቃራኒ ተቃራኒውን እያፈራረቁ ይጠብቃሉ። ብሬከሩ የሚበራው የሙቅ ውሃው ቧንቧ አየር መትፋቱን ትቶ ቀጥ ብሎ ሲፈስ ብቻ ነው።

ክዳኑ ሲወርድ የማግኒዚየሙ ዘንግ ግማሽ ያህሉ ተበልቶ፣ እንደ ተጋጠ አጥንት ሆኖ ነበር። ታንከሩ እንዳይዝግ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው፤ አብሮ ተቀይሯል።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 50 ሊትር ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል በቫልቯ አፍንጫ ይንጠባጠባል። ብልሽት አይደለም፤ አፍንጫውን መድፈን ግን ታንከሩን ሊያፈነዳ ይችላል። ውሃው ለመሞቅ መዘግየቱም ብዙ ጊዜ የመብራቱ ጉዳይ ነው፦ በ220 ቮልት አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ የሚፈጀው በ180 ቮልት ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል።

አዲሷ ቫልቭ በየሦስት ወሩ ትፈተሻለች፦ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ መግቢያውን ዘግቶ፣ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ ከሥሯ ያለውን ተጣጣፊ ቱቦ (ፍሌክሲብል) መፍታት። ከጥቂት ጠብታ በኋላ ውሃው ካልቆመ ትቀየር።