የሽጉጤ በርሜል በእርሳስ እየተለበጠ ላስቸገረኝ መፍትሔ ለሰጡኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ችግሬን ከሥሩ ላስወገዱልኝ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ማቅረብ እወዳለሁ። ስማቸው በይፋ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጽፈውም፤ ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው በግል ቢጠይቀኝ ግን እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኘዋለሁ።

ባለ 357 ማግነም ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አለኝ። የዒላማ ጥይቱን የማዘጋጀው ራሴ ነኝ፤ እርሳሱን አቅልጬ አረሩን በፎርማ አወጣለሁ፣ ሰም ያለበት ቅባት እቀባዋለሁ፣ ከዚያም ቀለሁ ላይ እተክለዋለሁ። ሆኖም 30 ጥይት እንኳ ሳልተኩስ የበርሜሉ ውስጥ በእርሳስ ይለበጥና፣ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ያርፍ የነበረው ምት ይበታተናል። ቀደም ሲል ያማከርኩት ሌላ ሰው እርሳሱ ስለለሰለሰ ነው ብሎኝ አንቲሞኒና ቆርቆሮ ጨምሬ አጠነከርኩት፤ ልብጡ ግን ባሰበት።

እኚህ ባለሙያ ሽጉጡን ብቻ አልተቀበሉኝም፤ ካወጣኋቸው አረሮች አሥር ያህሉን፣ ተሞልተው ካለቁት ጥይቶችም ጥቂቶቹን አምጣ አሉኝ። መጀመሪያ ያዩት እርሳሱ የተጣበቀበትን ቦታ ነበር። በርሜሉ ከሚጀምርበት አጠገብ ከተከማቸ አረሩ መቅጠኑን፣ ወደ አፈሙዙ ጫፍ ከሆነ ደግሞ ቅባቱ መንገድ ላይ ማለቁን እንደሚጠቁም አስረዱኝ። የእኔው መጀመሪያው ላይ ነበር።

ቀጥሎ ዘይት የተቀባ ለስላሳ እርሳስ በበርሜሉ ውስጥ ገፍተው አሳለፉና የወጣውን ለኩ። በሽጉጤ በርሜል ውስጥ የተቀረጹት ጠመዝማዛ ቦዮች አምስት በመሆናቸው ቦይ ከቦይ ፊት ለፊት አይገጥምም፤ ስለዚህ በተራ ማይክሮሜትር (ረቂቅ ውፍረት መለኪያ) ከመገመት ይልቅ ሦስት ቦታ በሚይዝ ማይክሮሜትር ለኩት፤ 0.357 ኢንች ሆነ። ከዚያም ስድስቱን የጥይት ማደሪያዎች፣ በተለይም አረሩ ወጥቶ ወደ በርሜሉ የሚሻገርበትን የፊት ጉሮሯቸውን፣ አንድ በአንድ መረመሩ። አራቱ 0.356 ብቻ ነበሩ። እኔ በ0.358 አውጥቼ የምኮራበት አረር በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይጨመቅና ቀጥኖ ሰፋ ወዳለው በርሜል ይገባል፤ በዳሩ የሚያመልጠው የጋለ ጋዝ ደግሞ ጎኑን እየላጠ እርሳሱን በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ይረጨዋል። አረሩን ማጠንከሬ ያባሰውም ለዚህ ነው፤ ለስላሳ ቢሆን በግፊቱ ጥቂት ተነፍቶ ክፍተቱን ሊደፍን ይችል ነበር።

ጉሮሮዎቹን በጥንቃቄ አስፍተው ሁሉንም 0.358 አደረሷቸው። እኔ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ሞልቼ ካመጣኋቸው ጥይቶች የአንዱን አረር መልሰው ነቀሉና ለኩ፤ ከ0.357 በታች ሆኖ ተገኘ። የቀለሁን አፍ የማሰፋበት መሣሪያ መዳብ ለለበሰ ጥይት የተሠራ ስለሆነ አፉን በበቂ አይከፍተውም፤ በዚህም ቀለሁ ራሱ አረሩን ሲተከል ይጨምቀው ኖሯል። ከዚያ በፊት ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ብቻዬን ብሆን ጉሮሮውን ካሰፋሁ በኋላም ለወራት ግራ እጋባ ነበር። በፎርማ ለወጣ የእርሳስ አረር ተስማሚ የሆነ ሰፋ ያለ የቀለህ አፍ ማስፊያ እንድገዛ መከሩኝ እንጂ አዲስ በርሜል ሊሸጡልኝ አልሞከሩም። የባሩድ መጠን ስጠይቃቸው ደግሞ ከታተመ የአሞላል መመሪያ ውጭ ቁጥር እንደማይሰጡ፣ ከዝቅተኛው መጠን መጀመር እንዳለብኝ በግልጽ ነገሩኝ፤ ይህ እምነቴን ጨመረው።

የቆየውን ልብጥ ያነሡት የንጹሕ መዳብ ክሮችን በአሮጌ የነሐስ ብሩሽ ላይ ጠቅልለው ነው። ክሩን ማግኔት ከሳበው ውስጡ ብረት ነውና በርሜሉን ይቧጭረዋል፤ ስለዚህ ሳይፈትሹ አልተጠቀሙበትም። መዳብ የለበሰ ጥይት በመተኮስ እርሳሱን ማጽዳት ይቻላል የሚለውን ልማድ እንድተው፣ ኮምጣጤና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ቀላቅዬ እንዳልሞክርም አጥብቀው አስጠነቀቁኝ፤ ሁለተኛው እርሳሱን በሰውነት በቀላሉ የሚገባ መርዝ ያደርገዋል።

የ357 ማግነም ጥይት እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ ስለ እርሳስ ልብጥ ቅሬታ ሲሰማ ኖሯል፤ ስለዚህ ብዙዎች የጥይቱ ጠባይ ነው ብለው ይቀበሉታል። እኔም እንደዚያው ልቀበል ተቃርቤ ነበር። ከጥገናው በኋላ በዚያው ፎርማ፣ እንዲያውም ለስለስ ባለ እርሳስ፣ 100 ጥይት ተኩሼ በርሜሉን በብርሃን ስመለከተው ያገኘሁት ስስ ግራጫ ጥላ በጥቂት የብሩሽ ምት ጠፋ።

እሳቸው ዘንድ ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ ሽጉጡን ባዶ መሆኑን አረጋግጣችሁ፣ ያወጣችሁትን አረርና የሞላችሁትን ጥይት ለየብቻ ይዛችሁ ሂዱ። የስድስቱንም ጉሮሮ ልክ በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጥተውኛል፤ ከፎርማው ሣጥን ክዳን ውስጥ ለጥፌዋለሁ።