ዝገት ቀያሪ በቮልስ ላይ፦ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያየሁት

ውጤቱን ከፊት ላስቀምጠው። ታኒን ያለበት ዝገት ቀያሪ፣ ማለትም ዝገቱ ላይ ተቀብቶ ዝገቱን ወደ ሌላ ሽፋን የሚለውጥ ፈሳሽ፣ ስስ ዝገትን ባለበት ያቆማል። የተበላ ላሜራን ግን አያድንም። ኅዳር ላይ ቀባሁት። ክረምቱ ሲያልፍ መስከረም ላይ ምንጣፉን አነሳሁ፣ ጎማዎቹን አወለቅሁ፣ በስልክ መብራት እያንዳንዱን ጥግ አየሁ። አብዛኛው ቦታ እንደተቀባ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ግን አልያዘም። ለምን እንዳልያዘ ካወቃችሁ ገንዘባችሁም ድካማችሁም ስለሚተርፍ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1972 ሞዴል ቮልስ 1300 ናት። እኛ ቤት ከእኔ በፊት ነው የገባችው። ሞተሯ እስካሁን በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ያስቸገረችን በቦዲዋ ነው። ጊቢያችን ውስጥ ጣሪያ ያለው ቦታ ስላለ፣ ዝገቱ የት የት እንደገባ ደግሞ በዓይኔ ማየት ስለፈለግሁ እቤት ልሠራት ወሰንኩ።

ምርቱ ጀርመን ሠራሽ ነው። ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ ሲሆን፣ ፍራንክፈርት የምትኖር የአክስቴ ልጅ ነች ይዛልኝ የመጣችው። ተመሳሳይ ምርቶች በየአገሩ በተለያየ ስም ይሸጣሉ። ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፤ «ታኒን» ወይም «ታኒክ አሲድ» የሚል ካለበት እኔ የምለው ዓይነት ነው። ታኒን ሻይን አፍ የሚያስይዘው፣ ቆዳም የሚለፋበት ነገር ነው። ከዝገት ጋር ሲገናኝ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላ አዲስ ሽፋን ይፈጥራል። ይህ ሽፋን እንደ ዝገት አይረግፍም፣ በውኃም አይሟሟም። ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ሌላ ዓይነትም አለ። እሱ ቶሎ ይሠራል፤ ነገር ግን አሲዱ በደንብ ካልታጠበ ከላይ የሚቀባውን ቀለም ያነሳል። እቤት ለሚሠራ ሰው ታኒኑን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ፈሳሽ የሚሠራው ከዝገት ጋር ነው። ንጹሕ ብረት ላይ ብትቀቡት የሚይዘው ነገር የለም። የሚራገፍ ዝገት ላይ ብትቀቡት ደግሞ የሚያጠቁረው ላይ ላዩን ብቻ ነው፤ ሥሩ እንዳለ ይቀጥላል። ስለዚህ አብዛኛው ሥራ ያለው ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ነው። የሽቦ ብሩሽ፣ ግራይንደር፣ ካርታቬትሮ። መነጽርና ማስክ ሳታደርጉ ደግሞ አትጀምሩ። የድሮ ቀለም እርሳስ (ሊድ) ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙ ለልጆች ጥሩ አይደለም።

ቮልስ የምትዝግበት ቦታ ይታወቃል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አውሮፓ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም። እኛን የሚጎዳን ያረጀ የበርና የመስተዋት ማሸጊያ ጎማ የሚያስገባው የክረምት ዝናብና ፓራፋንጎ (የእግሩ መሸፈኛ ክንፍ) ውስጥ የሚጠቀጠቀው ጭቃ ነው። ከሁሉ የባሰው ቦታ ግን ከዝናብም ጋር ጉዳይ የለውም። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። ወንበሩን አንስቼ ባትሪውን ሳወጣ ወለሉ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። ከሥሩ ላሜራው ልጥ ልጥ እያለ ይነሳል። ይህ የባትሪ አሲድ ሥራ ነው። አሲዱ ሳይጠፋ ምንም ነገር ብትቀቡ ዋጋ የለውም። የዳቦ ሶዳ በውኃ በጥብጬ አፈሰስኩበት። ወዲያው አረፋ ደፍቆ ጮኸ። አረፋው እስኪጠፋ ደጋግሜ አፈሰስኩ፣ ከዚያ በላርጎ አጥቤ አደረቅሁት።

ቀጥሎ የካቻቪቴ ፈተና መጣ። ይህን ያሳዩኝ ሰፈራችን ያሉ አንድ ባትላሜራ (የመኪና ቦዲ ጠጋኝ) ናቸው። ቮልስ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው ወለሉን በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ አደረጉና፣ «ስሚው ልጄ፣ ይሄ ይጮኻል። ይሄኛው ደግሞ ዝም ይላል። የሚጮኸውን ቀቢው፤ ዝም የሚለውን ለእኔ ተይው» አሉኝ። «ጋሼ፣ መድኃኒቱ አያድነውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በካቻቪቴው ጫፍ ጫን ሲሉት ወደ ውስጥ ገባ። መልሱ እሱ ነበር። ባትሪው የሚቀመጥበትን ያህል ቦታ ቆርጠው አዲስ ላሜራ በየዱበት። ዙሪያውን ያለውን፣ የሚጮኸውን፣ እኔ ቀባሁት።

አቀባቡ ቀላል ነው። ትንሽ በኩባያ ትቀዳላችሁ። ብሩሹን በጭራሽ ጠርሙሱ ውስጥ አትንከሩት፣ ከኩባያው የተረፈውንም አትመልሱት። የዝገት ብናኝ ከገባበት ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በሙሉ መሥራት ይጀምርና ይበላሻል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ከቡናማ ወደ ጥቁር ሲለወጥ ፊት ለፊት ታዩታላችሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከሥራው ሁሉ ደስ የሚለው ይሄ ነው። እጅና ሲሚንቶ ላይ ከፈሰሰ ግን አይለቅም፤ ጓንት አድርጉ፣ መሬቱ ላይም ካርቶን አንጥፉ።

የምርቱ መመሪያ ላይ ያለ አንድ ነገር ለእኛ አገር በጣም ያስፈልጋል። ፈሳሹ ሥራውን እስኪጨርስ እርጥበት ይፈልጋል። እኛ ቀለም ነክ ሥራ ሲባል በበጋ፣ በጠራራ ፀሐይ እናስባለን። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ አየር ደግሞ በጣም ደረቅ ነው። የተቀባው ሳይለወጥ ቶሎ ይደርቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጥላ ሥር መሥራትና ከተወሰኑ ሰዓታት በኋላ በመርጫ ውኃ እፍ ማድረግ። ከአንድ ሙሉ ቀን በኋላ በውኃ ይታጠባል። ላዩ ላይ የሚቀረው ጥቁር ዱቄት በሙሉ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ቀለሙ ዱቄቱን ይዞ ይነሳል። የውኃ ፈረቃ ያለበት ሰፈር የምትኖሩ ጀሪካኑን ቀድማችሁ ሙሉ። ታጥቦ ሲደርቅ አንቲራስት (ዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ቀለም)፣ ከዚያ ዋናው ቀለም።

ፓራፋንጎዎቹን ፈትቶ መሥራት ይሻላል። ቮልስ በዚህ ታድላለች፤ አራቱም በብሎን ነው የታሰሩት፣ 13 ቁልፍ ይበቃል። በፓራፋንጎውና በቦዲው መሀል ያለችው ቀጭን ማሸጊያ ሥር የተጋገረ ጭቃ አለ። ብሎኖቹ አሻፈረኝ ካሉ ዘይት አጠጥታችሁ አሳድሯቸው፤ በጉልበት ከሄዳችሁ አንገታቸው ይበጠሳል። የግራው የኋላ ፓራፋንጎ ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ ተሠርቶ ነበር። ቀለሙን ሳነሳው ከሥሩ ጣት የሚያህል ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ ልስን) ወጣ። ከስቱኮው ሥር ያለው ቀዳዳ ነው። ስቱኮ ውኃ ይስባል፤ ዝገት ላይ ሲለጠፍ ዝገቱን ሸፍኖ ያሳድገዋል። ይህን እያወቁ ለደንበኛ የሚሠሩ ሰዎች መኖራቸው ያናድደኛል። መኪናው ጋራዡን ለቆ ሲወጣ ያምራል፣ ክረምቱ ሲመጣ ግን ይፈነዳል።

አዲስ ፓራፋንጎ ገዝቶ መተካትም ይቻላል። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፣ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ነው፤ አካላቷን የሚሠሩ ድርጅቶች እስከ ዛሬ አሉ። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራም ዞሬ አይቻለሁ። አዲሶቹ ላሜራቸው ስስ ስለሆነ የራሷን ኦሪጅናል ማስጠገኑን መረጥኩ።

አሁን ወደ መስከረሙ ፍተሻ። የባትሪው ዙሪያ ደህና ነው፤ ቀለሙ አልነፋም። ከፊት ያለው የተጠባባቂ ጎማ ማስቀመጫም እንደዚያው። ከኋላ መስተዋት ሥር ያሉት ሁለቱ ጥጎች ከሁሉም በላይ አስደስተውኛል፤ የመስተዋቱን ማሸጊያ ጎማ ባልቀይረው ኖሮ ግን አይቆዩም ነበር።

ያልያዘው አንዱ የግራ በር ታች ነው። ላሜራው ታጥፎ ጠርዙን የሚያቅፍበት መስመር ላይ አረፋ የመሰሉ እብጠቶች ወጥተዋል። እጥፋቱ ውስጥ ብሩሽ አይገባም፣ የገባው ፈሳሽም አይታጠብም። የበሩ የውኃ ማስወጫ ቀዳዳ ደግሞ በአፈር ተደፍኖ ነበር፤ ውኃው ውስጥ ተኝቶ ከረመ።

ሁለተኛው በሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄደው የማሞቂያ አየር መስመር ነው። የሞተሩ ሙቀት ወደ ፊት የሚሄደው በእሱ ውስጥ ነው። እኛ አገር ማሞቂያውን ማንም አይከፍተውም፣ ስለዚህ መስመሩ ትዝ የሚለው የለም። ቦዲው ከወለሉ ጋር የሚታሰረው ግን እዚያ ላይ ነው። እሱ ሲበላ መኪናዋ ትሰምጣለች፣ በሩ በደንብ አይገጥምም። ቮልስ ልትገዙ ካሰባችሁ ከቀለሙ በፊት በሩን ከፍታችሁ ዝጉ፣ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን እዩ። እንዲህ ያለ ዝግ ቦታ ውስጥ ዝገት ቀያሪ መርጨት አያዋጣም። ለውስጥ ክፍተት የሚረጭ ሰም የተሻለ ነው። የተቃጠለ ዘይት የሚረጩ አሉ፤ ለጊዜው ይይዛል፣ ግን በኋላ ብየዳ ወይም ቀለም ሲያስፈልግ ማጽዳቱ መከራ ነው።

ጠርሙሱ እስካሁን ከግማሽ በላይ አለው። ለአንድ ቮልስ 1 ሊትር ይተርፋል፤ ጓደኛ ጋር ተካፍሎ መግዛት ያዋጣል። የሚራገፍ ዝገት፣ ቀዳዳ ወይም የታጠፈ ጠርዝ ብቻ ላለበት መኪና አትግዙት፤ ያንን ብር ለባትላሜራው ስጡ። ጥቅምት ላይ በሩን አወርደዋለሁ። ጋሼ የታችኛውን ጠርዝ ቆርጠው ሊቀይሩልኝ ተስማምተዋል፤ ከሚየዱት በላይ ያለውን ደህናውን ላሜራ በተረፈው እቀባዋለሁ።