የቅዳሜ ገበያ ምጥን ሽሮ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ በኪሎ የሚሸጠው ምጥን ሽሮ ኑሮ ሲወደድ ቤት የሚያቆም ነገር ነው፤ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ደህናው የተቆላ ሽምብራና ኮረሪማ ይሸታል፣ በጣት ሲታሽ ልስልስ ይላል። እንደ አሸዋ ከቆረቆረ አልላመም። ጠቆር ያለው ደግሞ ሲቆላ ያረረ ነውና ወጡ ይመራል፤ ስኳር ጣል ማድረግም አያድነው።

ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቁ አይግዙ። ዋጋው ወረድ ያለው ጓያ ሊኖርበት ይችላል፤ ጓያ ለወራት የዘወትር ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፣ ጎንደር አጠገብ ያለው የደንቢያ ሰው ያውቀዋል። የሚጠራጠር የሽምብራ ወይም የአተር ክክ ገዝቶ ያስፈጭ።

ለ4 ሰው 1 የውሃ ብርጭቆ ሽሮ ይበቃል። 3 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት ደቆ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላ፤ ውሃውን ሲጨርስ አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ ዘይትና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ይግባ። ከዚያ 4 ብርጭቆ ውሃ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ዱቄቱን በሚፈላ ውሃ ላይ ሲነሰንሱት ይጓጉላል፣ ውስጡም ጥሬ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ እያማሰሉ መጨመር ነው። ከዚያ በትንሽ እሳት 25 ደቂቃ ያህል፣ ዘይቱ ላዩ ላይ እስኪንሳፈፍ። በርበሬ አይጨመርበት፣ ምጥን ነውና በርበሬውም ቅመሙም ውስጡ አለ። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ቀምሶ፤ አንዳንዱ ሻጭ አስቀድሞ ጨምሮበታል።

የተረፈው ጠዋት በደረቅ እንጀራ ይፈተፈታል። ከትኩሱ የሚበልጥ ነው።