ዚል 131፦ የድሮው ቤንዚን ሞተር ይቆይ ወይስ ናፍጣ ይግባላት?

ደሴ፣ ግቢዬ ውስጥ የቆመችው የድሮ የሶቪየት የጭነት መኪና፣ ዚል 131፣ ስድስቱም ጎማዋ ይጎትታል። ሞተሯ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 6 ሊትር፣ 150 የፈረስ ጉልበት ነው። ድምፁ ልብ ያሞቃል! ግን ቤንዚን ይጠጣል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ስትይዝ አየሩ ይሳሳል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ለዚህ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ይወጣል።

ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው የናፍጣ ሞተር ዳገት አይፈራም፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ጣጣው ግን ብዙ ነው። የሞተር መቀመጫው ይቀየራል፤ ከካምቢዮው ጋር ማገናኛው ቶርኖ ቤት ይሠራል። ኮምፕሬሰሩን ደግሞ አደራ እንዳትረሱ! ፍሬኑም ጎማ መንፊያውም የሚሠሩት በእሱ አየር ነው።

ለጭነት ከሆነ ናፍጣው ይሻላል። እኔ የምነዳት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ስለሆነ የድሮውን ሞተር አድሼ አቆየዋለሁ።